ሰውነት ሲቆጣ፦ ስለ መብል፣ ስለ ጾምና ስለ ኑሮ ጥንቃቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጠቢቡ ሲራክ በመጽሐፉ በ37ኛው ምዕራፍ ልጁን ሲመክር፣ ሰው በሕይወት ሳለ ራሱን እንዲመረምር፣ የሚጎዳውን ነገር ለይቶ እንዲያውቅና ከዚያም እንዲከለከል ያስተምራል። ምክንያቱንም ሲገልጥ፣ አንዱን የሚጠቅመው መብል ሌላውን ላይጠቅም እንደሚችል ያስረዳል። ይህን ትምህርት ብዙዎቻችን ስለ ሆዳምነት ብቻ የተነገረ አድርገን እናነበዋለን። በእርግጥ ሆዳምነትን ይገሥጻል፤ ነገር ግን ከዚያ አልፎ ሌላ ነገርም ያስተምራል። ይኸውም፣ የሰዎች ተፈጥሮ በመብል ረገድ አንድ ዐይነት አለመሆኑንና እያንዳንዱ የራሱን ልክ ማወቅ እንደሚገባው ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስገደደኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ በሰንበቴው ቤት ለማዕድ በተሰበሰበ ጊዜ፣ የአንዲት የንስሓ ልጄ ልጅ የሆነ የዘጠኝ ዓመት ብላቴና ከሌሎቹ ተለይቶ ደረቅ እንጀራ ሲበላ አየሁት። እናቱን ብጠይቃት፣ «አባቴ፣ ሰሊጥ አይስማማውም። ባለፈው ጊዜ ቀምሶ ከንፈሩ አበጠ፤ ሰውነቱንም ሽፍ አደረገበት» አለችኝ። እኔ ግን የእናትን ቃል እንደ ፍርሃት፣ ፍርሃቷንም እንደ እምነት ጉድለት ቈጠርሁት። «ልጄ፣ ተባርኮ የቀረበ የጾም ማዕድ እንዴት ይጎዳል?» ብዬ ከሰሊጡ ፍትፍት ጠቅልዬ በገዛ እጄ አጎረስሁት።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ልጁ ጉሮሮውን ይዞ ያስል ጀመር፤ ፊቱ አበጠ፤ ትንፋሹ እየሲያፏጨ አጠረ፤ ከዚያም አስመለሰውና ጉልበቱ ከዳው። ተሸክመነው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ነርሷ ምክንያቱን እንደ ሰማች ሳትዘገይ ጭኑ ላይ መርፌ ወጋችው፤ እግዚአብሔርም በእርሷ እጅ አድሮ ልጁን መለሰልን። እናቱ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም። እኔ ግን በዚያች ቀን ያጎረሰች እጄን እያየሁ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፍቅር ያልጠየቀበት ጉርሻ ሞት ሊሆን ይችል እንደ ነበር ያን ጊዜ ተረዳሁ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችን እየጠየቅሁ፣ መጻሕፍትንም እየተመለከትሁ የተማርሁትን ለካህናት ወንድሞቼና ለምእመናን ለማካፈል ወደድሁ።

እንግዲህ አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቸሩ ፈጣሪ ሰውነታችንን ያለ ጠባቂ አልተወውም። እሾህ ቢወጋን፣ ቁስልም ቢያመረቅዝ፣ በደማችን ውስጥ ያሉ ጠባቂዎች ወደ ተጎዳው ሥፍራ ይጣደፋሉ። ያን ጊዜ ሥፍራው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፣ ያማል። እነዚህን አራት ምልክቶች በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ በመጽሐፉ መዝግቧቸዋል። ሐኪሞች ብግነት ወይም የሰውነት መቆጣት የሚሉት ይህ ነው። በጊዜውና በልኩ ሲሆን ለጥበቃ የተሰጠ ስለ ሆነ በረከት እንጂ በሽታ አይደለም።

ነገር ግን ጠባቂ ሊሳሳት ይችላል። በሌሊት በር የሚጠብቅ ዘበኛ ሌባውን ትቶ የቤቱን እንግዳ ቢመታ፣ ቤቱ የሚታወከው በገዛ ጠባቂው ነው። እንደዚሁም የአንዳንድ ሰው ሰውነት ለሌላው ሰው ጉዳት የሌለውን ወተት፣ እንቁላል፣ ሰሊጥ ወይም የአበባ ብናኝ እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል። ይህን አለርጂ የሚለውን ስም በ1906 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነው። እኛም በቋንቋችን «አይስማማኝም»፣ «ሰውነቴን ይቆጣኛል» እያልን ስናመለክተው ኖረናል። ቁጣው በቆዳ ላይ ሲሆን ሽፍታና ችፌ፣ በአፍንጫ ሲሆን ማስነጠስና ንፍጥ፣ በሳንባ ሲሆን አስም፣ በሆድ ሲሆን ቁርጠትና ማስመለስ ሆኖ ይታያል።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1902 እ.ኤ.አ. ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲዬ የተባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት አንድ አስፈሪ ነገር ገልጠው ነበር። ከባሕር ፍጥረት የተወሰደ መርዝ ለውሾች በጥቂቱ ሰጥተው፣ ከሳምንታት በኋላ ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ቢደግሙባቸው፣ መልመድ ይገባቸዋል የተባሉት ውሾች በደቂቃዎች ውስጥ ታመው ሞቱ። ይህን አናፊላክሲስ ብለው ሰየሙት፤ ሪሼም በ1913 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ለእኛ ያለው ትምህርት ግልጥ ነው። «ባለፈው ሽፍታ ብቻ ነበር፤ አሁንም ከዚያ አይብስም» ማለት አይቻልም። የኋለኛው ከፊተኛው ሊከፋ ይችላልና። እኔም የተሳሳትሁት በዚሁ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፣ «እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ማብዛት በእግዚአብሔር ላይ አለመታመን አይሆንምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን ከቅዱሳት መጻሕፍት እንፈልግ። ንጉሡ ሕዝቅያስ በእባጭ ታሞ ለሞት በደረሰ ጊዜ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር ጸሎቱን እንደ ሰማ፣ በሦስተኛውም ቀን ወደ ቤተ መቅደስ እንደሚወጣ ነገረው። ሆኖም ነቢዩ በዚህ ብቻ አልተወውም፤ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ይህም በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት በ20ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። እግዚአብሔር በቃሉ ብቻ መፈወስ ሲቻለው፣ በነቢዩ አፍ መድኃኒትን አዘዘ። ቅዱስ ጳውሎስም ሉቃስን ባለ መድኃኒቱ ብሎ በፍቅር ይጠራዋል፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም መጠጡን እንዲያስተካክል ይመክረዋል እንጂ በእምነቱ አይነቅፈውም። በቂሳርያ ለድውያን መጠጊያ ያሠራው ቅዱስ ባስልዮስም ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ስለ ሕክምና ሲያስረዳ፣ ጥበቡ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን፣ ተስፋን ሁሉ በሐኪም ላይ መጣልም ሆነ ሕክምናን ፈጽሞ መናቅ እንደማይገባ ያስተምራል። በአገራችንም በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። በዚያ የተባለው ለአስምና ለአለርጂም ይሠራል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው የሐኪሙን መድኃኒት አይጥልም፤ መድኃኒት የሚወስድም ጸበሉን አይንቅም።

አሁን ወደ መብሉ እንመለስ። ከባድ ቁጣን ከሚያስነሡት ምግቦች ዋና ዋናዎቹ የላም ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ እንደ ለውዝ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ሰሊጥ፣ ዓሣና ሌሎች የባሕር ፍጥረታት ናቸው። ሽምብራና ምስር፣ ሰናፍጭና ተልባ የሚቆጣቸው ሰዎችም አሉ። እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያናችንን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። የጾም ጊዜ ሲደርስ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከማዕድ ይወጣሉ፤ በእነርሱም ፋንታ ሽምብራ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ኑግ፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒና ግብጦ ይገባሉ። ስለዚህ ወተት የሚቆጣው ልጅ በጾም ወራት ዕረፍት ሲያገኝ፣ ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ የሚቆጣው ልጅ ግን በፍስክ ደኅና ሰንብቶ በጾም አደጋ ላይ ይወድቃል። እናቶች «በጾም ይታመማል» ሲሉ የምንሰማው ሁሉ የስንፍና ምክንያት አይደለም። ልጁን የሚጎዳው ጾሙ ሳይሆን በጾሙ ጊዜ የሚቀርበው አንድ እህል ሊሆን ይችላል። ያ አንዱ እህል ተለይቶ ቢታወቅ፣ ልጁ ጾሙን ሳይፈታ በሌላው የጾም ምግብ ሊኖር ይችላል።

ደግሞም ዘመዳማ የሆኑ እህሎች አሉ። ኦቾሎኒ የሚቆጣው ሰው፣ በአንድ ወገን የሚቆጠሩት ግብጦና አብሽም ሊቆጡት ይችላሉ። አብሽ በበርበሬና በሌሎች ቅመሞች ውስጥ ተቀላቅሎ ስለሚገባ ሳይታወቅ ይበላል። ቅቤም ሲነጠር አብዛኛው የወተቱ ንጥረ ነገር ቢወጣለት፣ ወተት አጥብቆ የሚቆጣውን ሰው የሚያውክ ጥቂት ነገር ሊቀርበት ይችላል። ጤፍ በተፈጥሮው ስንዴ የሚከለከሉ ሰዎች ሊበሉት የሚችሉት እህል ነው፤ ሆኖም በገበያ የሚሸጠው እንጀራ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚገዛ ሰው መጠየቅ አለበት። ሰሊጥ የነካ ጭልፋ ወደ ሌላው ወጥ ቢገባ፣ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ያ ብቻ ይበቃዋል። መቀቀልና ማብሰልም የሰሊጥን ወይም የኦቾሎኒን አደጋ አያጠፋም።

እንግዲህ ሰው የሚጎዳውን ምግብ በምን ያውቀዋል? በዚህ ነገር ነቢዩ ዳንኤል መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ከንጉሡ ማዕድ ተከልክለው ጥራጥሬና ውኃ በፈለጉ ጊዜ፣ ጠባቂያቸውን የለመኑት ለ10 ቀን ብቻ እንዲፈትናቸው፣ ከዚያም በኋላ ፊታቸውን ከሌሎቹ ብላቴኖች ፊት ጋር አስተያይቶ እንዲፈርድ ነበር። ፈተናው የተወሰነ ጊዜ ነበረው፤ የሚመለከት ጠባቂ ነበረበት፤ ፍርዱም የተሰጠው ውጤቱ ከታየ በኋላ ነው። ዛሬ ሐኪሞች የሚያደርጉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕመምተኛው የበላውን፣ የበላበትን ሰዓትና የተሰማውን በወረቀት እንዲጽፍ ያዝዙታል። ከዚያም የተጠረጠረውን አንድ ምግብ ለጥቂት ሳምንታት አስቀርተው፣ የቀድሞው ቁጣ ቀላል ከነበረ መልሰው ያስጀምሩትና ይመለከታሉ። በቆዳና በደም የሚደረግ ምርመራም አለ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ትንፋሽ ያሳጠረን ወይም ፊትን ያሳበጠን ምግብ በቤት ውስጥ መልሶ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ ይህ ፈተና በሐኪም ፊት ብቻ የሚደረግ ነው።

በግምት ብቻ መፍረድ እንዴት እንደሚያሳስት አንድ ምሳሌ እነሆ። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ በርበሬውን ወይም ጾሙን ይወቅሳል። ብዙ ዘመን ሐኪሞችም የጨጓራ ቁስል ከጭንቀትና ከቅመም ይመጣል ይሉ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ግን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራልያውያን ሐኪሞች በሕሙማን ጨጓራ ውስጥ የሚኖር አንድ ረቂቅ ተሕዋስ አገኙ፤ ለዚህም በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ አብዛኛው የጨጓራ ቁስል ከዚህ ተሕዋስና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ከማብዛት እንደሚመጣ ታውቋል። በርበሬ የቆሰለውን ጨጓራ ሊያቃጥለው ይችላል፤ ነገር ግን በርበሬ መተው ብቻውን ተሕዋሱን አይገድለውም። ስለዚህ ሰው በግምት አሥር ዐይነት ምግብ ትቶ ከሚከሳና ከሚደክም፣ አስቀድሞ ቢመረመር ይሻለዋል። ይልቁንም ሕፃናትን በፍርሃት ብዛት ከምግብ መከልከል ጉዳት አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ጀምሮ ለዕድሜያቸው በሚስማማ አኳኋን የተዘጋጀ ኦቾሎኒ ሲበሉ ማደጋቸው፣ ፈጽሞ ከተከለከሉት ይልቅ ከኦቾሎኒ አለርጂ እንደ ጠበቃቸው አሳይቷል። ብርቱ ችፌ ያለበት ሕፃን ግን አስቀድሞ ለሐኪም መታየት አለበት።

እስከ አሁን የተናገርነው በድንገት ስለሚነሣው ቁጣ ነው። ሌላም ሳይታወቅ በቀስታ የሚነድ፣ እንደ ተዳፈነ እሳት ያለ መቆጣት አለ። ይህም ከስኳር በሽታ፣ ከልብና ከደም ሥር ሕመም ጋር የተያያዘ ነው። ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ በተለይም በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ፣ ትምባሆ ማጤስ፣ እንቅልፍ ማጣትና ያለ እንቅስቃሴ ተቀምጦ መዋል ያንን እሳት ይቆሰቁሱታል። ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ጎመንና ሌላው አትክልት፣ ፍራፍሬም እሳቱን ለማብረድ ይረዳሉ። አባቶቻችን ያቆዩልን የጾም ማዕድ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ የተሠራ ነው። እኛ ግን እያበላሸነው ነው። ቀን ጾመን ማታ ዘይት የጠገበ ጥብስና ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥ ከልክ በላይ ብንወስድ፣ ሥጋን አልጎሰምነውም፤ ሰዓቱን ብቻ ለወጥንበት። ጾም የሚጠቅመው ልክን ሲያስተምር ነው፤ ያ ልክም ለነፍስ የተሰጠ ሲሆን ሥጋም ከእርሱ ትሳተፋለች። ሆኖም እውነቱን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። መልካም አመጋገብ ሰውነትን ያበረታል እንጂ እውነተኛውን የምግብ አለርጂ አያጠፋም። ማርም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥቁር አዝሙድም ሰሊጥ የሚቆጣውን ልጅ ሰሊጥ እንዲበላ አያደርጉትም።

ከመብል ሌላ ቤታችንም ሊታይ ይገባል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ በጅማ ከተማና በአካባቢው ገጠር የተደረገ ጥናት፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ እንደ ተገኘ አመልክቷል። የኑሮ መለወጥ በዚህ ሕመም ላይ ድርሻ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን። በፍራሽና በምንጣፍ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች፣ በእርጥብ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ሻጋታ፣ በረሮ፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት የሚታፈን የማገዶና የከሰል ጢስ አስምን ያስነሣሉ ወይም ያብሳሉ። አንሶላና ብርድ ልብስን በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ፍራሽን ፀሐይ ማስመታት፣ ማድ ቤቱን ጢስ ማውጫ ማበጀት፣ በታመመ ሰው አጠገብ አለማጤስ ይገባል። ካህናት ወንድሞቼም የቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ በየጊዜው ወደ ውጭ ወጥቶ እንዲራገፍ ቢያሳስቡ መልካም ነው። የዕጣኑ ጢስ የጸሎታችን ምሳሌ ነው፤ ከአገልግሎታችንም አይለይም። ሆኖም አስም ያለበት ሰው ከጽናው ራቅ ብሎ ነፋስ በሚገባበት በበሩ አጠገብ ቢቆም፣ ትንፋሹም ሲያጥረው ወደ ቅጽሩ ወጥቶ ቢያስቀድስ፣ ቅዳሴን እንደ ናቀ ሊቈጠርበት አይገባም። ቆሞ ይጸልይ ዘንድ ትንፋሽ ያስፈልገዋልና።

አሁን ማንም ሊረሳው የማይገባውን ልንገራችሁ። ከበሉ በኋላ፣ ወይም ንብ ከነደፈ፣ ወይም መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ ቢያብጥ፣ ድምፅ ቢዘጋ፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ሽፍታው ከማስመለስ ጋር ቢመጣ ወይም ሰውየው ቢዝለፈለፍ፣ ይህ ነፍስን የሚያሰጋ ነው። ጊዜ ሳይባክን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። የሚያድነውም ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን የተባለው መድኃኒት ነው፤ ሐኪም አዝዞለት በእጁ ያለው ሰው ቢኖር ወዲያው ይወጋ፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ይሂድ። የሽፍታ ክኒን ብቻውን በዚህ ጊዜ አይበቃም። የዞረበትን ሰው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ትንፋሽ ያጠረውን ግን ተደግፎ እንዲቀመጥ ማድረግ ይገባል፤ በድንገት አስነሥቶ ማስኬድ አደገኛ ነው። «ጸበል ይረጭበትና እንይ» ብሎ መዘግየት አይገባም። ጸበሉ በመንገድም ይረጫል፤ ጸሎቱም በሩጫ ይደርሳል።

ስለ ጾምና ስለ ሕመምተኛ ሥርዓታችን ርኅራኄን አልዘነጋም። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን አጥብቆ ሲያዝ በሰውነት ድካም የታገደውን ይለያል፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛን ያስባል። ስለዚህ ሕመምተኛ በገዛ ፈቃዱ ጾምን አይሻር፤ በገዛ ፈቃዱም ራሱን አይግደል፤ ሐኪሙ የነገረውን ይዞ ወደ ንስሓ አባቱ ይምጣ። የንስሓ አባቱም ከመፍረዱ በፊት ያድምጥ። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ለአስም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት የሚጠቀሙ ሰዎች፣ ጾም ሳይገባ አስቀድመው ስለ ሰዓቱ ከሐኪማቸውና ከንስሓ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። ትንፋሽ ባጠረበት ሰዓት ግን መድኃኒቱን ለመውሰድ ማንንም አይጠብቁ። ስንዴ የሚቆጣውና ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚጨነቅ ሰውም ነገሩን በስውር ይዞ አይራቅ፤ ለንስሓ አባቱ ይግለጥ፤ እርሱም የበላይ አባቶችን ጠይቆ ይመራዋል።

በመጨረሻም ስለ ማዕድ ፍቅር አንድ ነገር እጨምራለሁ። እኛ ማጉረስ የምንወድ ሕዝብ ነን። «በሞቴ» ብለን እንማጸናለን፤ እንግዳው እንቢ ሲል እንቀየማለን። በዝክርና በሰንበቴ ደግሞ «የጻድቁ ዝክር አይጎዳም» የሚል ቃል እንጨምርበታለን። ወንድሞቼ ሆይ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ፣ የሚበላ የማይበላውን እንዳይንቅ፣ በመብልም ምክንያት ወንድሙን እንዳያጠፋ ያስጠነቅቃል። እርሱ የተናገረው ስለ ኅሊና ነው፤ ነገር ግን ስለ ኅሊናው የምንራራለት ወንድም ስለ ሕይወቱም ልንራራለት እንዴት አይገባንም? ስለዚህ ባለ ዝክር በማዕዱ ላይ ምን እንደ ገባ ይናገር። የሚያጎርስ አስቀድሞ፣ «የማይስማማህ ነገር አለን?» ብሎ ይጠይቅ። የማይስማማው ሰውም አይፈር፤ ዝም ብሎም አይጉረስ። እናቶች የልጆቻቸውን ነገር ለመምህራንና ለጎረቤት ይንገሩ። እኛ ካህናትም እናት ስለ ልጇ የምትናገረውን ቃል አናቃልል፤ ከእኛ ይልቅ እርሷ ሌሊቱን ከእርሱ ጋር ታድራለችና።

ያ ብላቴና በሚቀጥለው ፍልሰታም መጣ። እናቱ በትንሽ ሳህን የምስር ወጥ ለብቻ ይዛለት ነበር። ሕዝቡ ለማዕድ ሲቀመጥ አጠገቤ አስቀመጥሁት፤ እጄንም ታጥቤ፣ ከዚያው ከእርሱ ሳህን ጠቅልዬ፣ «ልጄ፣ ይህ ይስማማሃልን?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዎን አባቴ» አለኝ። አጎረስሁትም። በዚያ ቀን በሰንበቴው ቤት የነበሩት ምእመናን ይህን አይተው፣ ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቅ የሚያጎርስ በመካከላችን የለም።

ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደ ሆነ ተምረናል። ማደሪያውን የሚጠብቅ ሰው የማደሪያውን ጌታ ያከብራል፤ የወንድሙንም ማደሪያ አያፈርስም። የነፍስና የሥጋ ሐኪም የሆነ መድኃኔ ዓለም የታመሙትን ይማርልን፤ ለሐኪሞች ማስተዋልን፣ ለእኛም የሚጠይቅ ፍቅርን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።